ሰባ አንድ ችካል

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
ፌብሩዋሪ 12፣ 2024

ለወንድሜ ልጅ ለኛላም፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። የላክሁልሽን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ መልሰሽልኛል። በአርባ ዓመቴ ቀይ የሚያበራብኝ ዘይቱ ያለቀ ጄኔሬተር ብቻ መስሎኝ ነበር። ያውም ይልማ ፊት ነው የከፈትሁት። ይልማ የአየር መንገዱ ጭነት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ደብዳቤያችንን በኪሱ ማመላለሱን እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥረዋል። በትከሻዬ ላይ አጮልቆ፣ «ጋሽ ዱኦል፣ ስንት ከስንት መጣ?» አለኝ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ካስተም ገበያ ደረሰ። አሁን ጄኔሬተር ሊያሠራ ወደ ሱቄ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ውጤቴን ይጠይቃል።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት እንደምጽፍ ጠይቀሻል። እስቲ የቁጥሬን ሰባ አንድ አንዶች በስልክ አንብቢልኝ። መሐል ላይ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ከየት እንደምንቀጥል ስንከራከር ካርዱ ያልቃል።

ስህተቴን አምኛለሁ። በአንዶች ብቻ የሚጻፍ ቁጥር፣ የአንዶቹ ብዛት የሚከፈል ከሆነ ቁጥሩም ይከፈላል። ስድስት አንዶች፣ ማለትም 111111፣ ለሁለት አንዶችም ለሦስት አንዶችም ሲካፈሉ ምንም አይተርፍም። ይህንን ብቻዬን ነው የደረስሁበት፤ እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። የአንዶቹ ብዛት የማይከፈል ከሆነ ቁጥሩም አይከፈልም ብዬ ጨመርሁበት። አንቺ ሰባት አንዶች ጽፈሽ ከሥራቸው በቀይሽ 239 በ4649 አልሽ። ደጋግሜ አባዛሁት፤ ልክ ነሽ። ቢሆንም ሰባት ትንሽ መንጋ ነው። ትንሽ መንጋ አንድ ጅብም ይበትነዋል። የኔ ሰባ አንድ ነው።

ለምን ሰባ አንድ እንደሆነ አባትሽ ነግሮሽ አያውቅም? ወንድሜ ሪያክ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። አባታችን ከጦርነቱ በፊት ሰባ አንድ ከብት ነበረው። ሲመሽ እያንዳንዱ በየችካሉ፣ በአንድ ረጅም መስመር ይታሰር ነበር። እኔ አላየሁም። እኔ የተወለድሁት ኢታንግ፣ የስደተኞች ሰፈር፣ ከብቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሪያክ ግን አይቷል። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይጠራልኝ ነበር፤ መጀመሪያ ቡሬው በሬ፣ ቀጥሎ ዳልቻዋ፣ ቦቃው፣ ዥጉርጉሯ፣ ቀንዱ የቆለመመው። እኔ በጭቃው ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። አንድም ቀን አልጎደለም፣ አንድም ቀን አልበዛም። ትምህርት ቤት ስገባ ጭረት ማለት ቁጥር አንድ እንደሆነ ተማርሁ፤ ያ ሁሉ ጭረት በአንድ ትንፋሽ ሲነበብም አንድ ትልቅ ቁጥር ነው።

በኛ ወግ ወጣት ለአካለ መጠን ሲደርስ አባቱ ወይም ታላቁ በሬ ይሰጠዋል። በበሬውም መልክ ስም ይወጣለታል። መንጋው ለወንድማማች ሳይከፈል ስላለቀ ለኔ የሚሰጥ በሬ አልነበረም። እኩዮቼ በሬ ሲያሳድጉ እኔ ቁጥር አሳደግሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ እንደተቀበለሽ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ደስ አለው። ቀጥሎ ምን እንደምትማሪ ጠየቀኝ።

«ሒሳብ» አልሁት።

«አራት ዓመት ሒሳብ ተምራ የለም እንዴ?»

«ይሄኛው ሌላ ሒሳብ ነው።»

«የጎረቤታችን የአኮት ልጅ ነርስ ናት። መርፌ ስትወጋ በዓይኔ አይቻለሁ። እስቲ የኔ ልጅ የሠራችውን አንድ ነገር አሳየኝ።»

በሹፌርነት በሚሠራበት ድርጅት እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ወንበር ተለቋል። ኃላፊው እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይዞልሻል። የእንግዳ ስም ትመዘግቢያለሽ፣ የአንገት ካርድ ትሰጫለሽ፣ የአየር ማቀዝቀዣም አለው። ሪያክ ማቀዝቀዣውን በየመሐሉ ያነሳዋል።

እዚያ ላይ አፌ ቀደመኝ። «የአባታችን መስመር በማንም የማይከፈል መሆኑን ታረጋግጣለች» አልሁት። «ይህን ካረጋገጠች ትማር» አለኝ።

እንግዲህ አረጋግጪ። በማንኛውም ቀለም።

አጎትሽ ዱኦል

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
የካቲት 14 ቀን 2016

ለአጎቴ ለዱኦል፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ለቀዩ ይቅርታ፤ ሰማያዊው አልቆብኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ገዝቻለሁ። የእማማ ጉልበት እንደተሻላት በይልማ አፍ ስላሳወቅኸኝ አመሰግናለሁ፤ እሷ ራሷ ስትደውል ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው።

የጠየቅኸኝን ሠራሁ፤ ደግሜም ሠራሁ። እንዴት እንደምነግርህ ሳስብ ነው ደብዳቤው የዘገየው። አጎቴ፣ መስመሩ ይከፈላል።

በምን እንዳትለኝ። በምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ብቸኛ የሚባል ቁጥር፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ የግድ የሚያልፈው ፈተና አለ። ሌላ ቁጥር ትወስድና፣ ከመስመሩ በአንድ ባነሰ ብዛት በራሱ ታባዛዋለህ። ውጤቱን ለመስመሩ ስታካፍል የሚተርፈው አንድ መሆን አለበት። በአስር ፈተንሁት። አንድ ተረፈ። ደስ ብሎኝ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ግን አስር የመስመሩ ዘመድ ነው፤ የአንዶች ቁጥር ሁሉ ከአስር ነው የሚወለደው። ለዘመዱ ብቸኛ ሳይሆን ብቸኛ ነኝ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በሦስት ፈተንሁት። ሦስት እንግዳ ነው። የተረፈው አንድን በምንም የማይመስል ረጅም ዝርግፍ ቁጥር ሆነ። ብቸኛ ቁጥር እንዲህ አያደርግም። አካፋይ አለው ማለት ነው፤ ፈተናው ግን የት እንዳለ አይናገርም።

አንተ መፈለግህ እንደማይቀር ስለማውቅ አንድ ነገር ልንገርህ። የዚህ መስመር አካፋይ ሁሉ ለ142 ሲካፈል አንድ የሚተርፈው መሆን አለበት፤ 142 የሰባ አንድ እጥፍ ነው። በሌላው አትድከም።

አባባን ምን ልትለው ነው? ካልነገርኸው እስክጽፍልህ አትንገረው።

ኛላም

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
ማርች 4፣ 2024

ለኛላም፣

ሰማያዊው ቀለም ያምርብሻል። ወሬው ግን ከቀዩ ባሰ።

ሌባ አለ ትያለሽ። ሌባው ማን ነው? አይታወቅም። ምን ተሰረቀ? አይታይም። ሌብነቱ ግን ተረጋግጧል። ካስተም ውስጥ እንዲህ ብለሽ ብትከሺ ሽማግሌዎቹ ውሃ አጠጥተው ወደ ቤትሽ ይሸኙሽ ነበር። ለዘመዱ ዋሽቶ ለእንግዳ እውነቱን ይናገራል ያልሽው ግን አሳመነኝ። ከዚህ በላይ የቤተሰባችን ቁጥር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

እንዳልሽው እየፈለግሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩን ስለሚያመጣልኝ ሥራ አለኝ፤ መብራት ሲመጣ 142 አለኝ። ከግራ እጀምራለሁ፤ በየችካሉ የተረፈውን በአስር አባዝቼ አንድ እጨምርና እንደገና አካፍላለሁ፣ እስከ መጨረሻው ችካል። መጨረሻ ላይ ምንም ካልተረፈ ያዝሁት ማለት ነው። እስካሁን ሁልጊዜ ይተርፋል። አስር ሺህን አልፌያለሁ። ከሱቄ ጎን ሻይ የምትሸጠው ኑርያ ችካሎቹን ጮክ ብላ ትቆጥርልኛለች፤ ስትቆጥር ማንም እንዲያናግራት አትፈቅድም። ትናንት ማታ ሱቅ ስንዘጋ፣

«ዱኦል፣ የዛሬው ተከፈለ?» አለችኝ።

«አልተከፈለም።»

«መፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ሻዩም አልተከፈለም።»

አባትሽን ምን እንደምለው ጠይቀሻል። እዚህ ሙቀቱ በጣም ከብዷል። ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች መቀመጥ አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ከቤት ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየተሰደደ ነው። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ደህና ነው፣ ገበያ ወጥታ አግኝቻታለሁ። አባትሽም በሙሉ ጤንነት ላይ ነው። ጤንነቱን ከሩቅ አይቻለሁ።

ስሚ። ወንድሜ ያለው «አሳየኝ» ነው። በሦስት ፈትነሽ የተረፈሽ ዝርግፍ ቁጥር ለሪያክ አይታይም። አካፋይ ግን ይታያል። ሌባ ካለ እጁን ይዘሽ አምጪልኝ። ይቅርብኝ ባልሽ ጊዜ ደግሞ፣ በሰባት ዓመትሽ የብስክሌቴን ሰንሰለት ፈትተሽ መግጠም ያቃተሽ ቀን ምን እንዳልሁሽ አስታውሺ። አልቆጣሁም፤ «የፈታ ነው የሚያውቀው» ነው ያልሁሽ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በእግሬ ሄድሁ።

አጎትሽ ዱኦል

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
መጋቢት 16 ቀን 2016

ለአጎቴ ለዱኦል፣

ሌባውን ይዤዋለሁ። ሁለት ናቸው።

ትንሹ፦
241573142393627673576957439049

ትልቁ፦
45994811347886846310221728895223034301839

ሁለቱን ብታባዛ የአያቴን መስመር ታገኛለህ። ሁለቱንም በየራሳቸው ፈትኛቸዋለሁ፤ ብቸኞች ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚከፈል ነገር የለም። ትንሹ ሠላሳ አሃዝ ነው። በ142 መንገድ እሱ ጋ ለመድረስ የጁባ ሰው ሁሉ አንተን ሆኖ፣ ኑርያ ሁሉንም እየቆጠረች፣ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ቢሠራ ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በሩጫ አልፈለግሁትም። ስለ መስመሩ ትናንሽ ፍንጮችን እየሰበሰበ በመጨረሻ እርስ በርስ የሚያጋጥም ፕሮግራም ጻፍሁ። የሮጠው ዲፓርትመንቱ ሊጥለው ጥግ ባስቀመጠው ኮምፒውተር ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፍንጩን ሁሉ ገጣጥሞ «መስመሩ ለራሱና ለአንድ ይከፈላል» የሚል መልስ ሰጠኝ። ያንን እኔም አውቀው ነበር። ስህተቱን አርሜ እነዚህ ሲወጡ ደግሞ ማመን አቃተኝና ሁለቱን ቁጥሮች ለጓደኛዬ ለዶርቃ ሰጥቼ በራሷ እንድታባዛ አደረግሁ። አንዶቹ ሲወጡ ዶርቃ ስልኬን ነጠቀችኝ፤ «አሁን ለማንም አትደውዪ፣ መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ።

አንድ እውነት አለ፤ ከአባባ እንዳትደብቀው። ይህን ቁጥር ከኛ በፊት የከፈሉት አሉ፤ ከአርባ ዓመት በፊት፣ በጊዜው ትልቅ በተባለ ኮምፒውተር። መልሱ ኢንተርኔት ላይ አለ። አላየሁትም፤ ያመሳከርሁት ከጨረስሁ በኋላ ነው። አንድ ነው።

«ጤንነቱን ከሩቅ አይቻለሁ» ስትል ገብቶኛል፤ ስለ ሙቀት ስትጽፍ ደግሞ ይበልጥ ገባኝ። አባባ የጠበቀው እንደማይከፈል እንዳረጋግጥ ነበር። እኔ የሰጠሁት ተቃራኒውን ነው። የአባቱን ከብት የሰበርሁበት ከመሰለው፣ አጎቴ፣ በዚህ ጉዳይ አላጣላችሁም። ወንበሩን እቀበላለሁ። በኤፕሪል መጨረሻ እመጣለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ፤ የምወስነው በመልስህ ነው።

ኛላም

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
ኤፕሪል 15፣ 2024

ለኛላም፣

በዚህ ደብዳቤ ስለ ሙቀት አልጽፍም።

የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ይከፈላል ያልሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት አባትሽ ሱቄ መጥቶ ነበር። አትንገረው ያልሽኝን አንብቤዋለሁ፤ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ «አረጋገጠች?» ሲለኝ መዋሸት አልቻልሁም። «ይከፈላል» አልሁት። ኑርያ ሻይ አቅርባለት ነበር። ብድግ አለ። «አራት ዓመት ያስተማርኋት የአባቴን ከብት እንድትበትን ነው?» አለኝ። ሻዩን ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። የድርጅቱን መኪና እየነዳ በካስተም ሲያልፍ አየዋለሁ፤ አንገቱ ወደኔ በኩል መዞር እንደማይችል ሰው ፊት ለፊት ያያል። ከሩቅ ያልሁሽ ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ያልደበቅሁትን ስሚ። ሁለቱ ቁጥሮችሽ ሲደርሱኝ አላመንሁሽም። አትቀየሚ፤ የዶርቃን ማባዛትም አላመንሁም። ሦስት የጄኔሬተር ካርቶን ዘርግቼ በፕላስተር አያያዝሁና በጀርባቸው ላይ በእጄ ማባዛት ጀመርሁ። ትልቁን ከላይ፣ ትንሹን ከታች፣ እንደ ሦስተኛ ክፍል። ረድፉ እየበዛ ሲሄድ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከኡጋንዳ ሲሚንቶ ያመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። ሲሚንቶ ነጋዴው ሙደሲር በሒሳብ የሚያህለኝ የለም ባይ ነውና ከጀርባዬ ቆሞ ይቆጣጠረኛል።

ረድፉ አልቆ መደመር ስጀምር ከቀኝ በኩል አንድ ወጣ። ቀጥሎ አንድ። ቀጥሎ አንድ። ሹፌሮቹ ወሬ አቆሙ። ሲመሽ ከብት አንድ በአንድ ወደየችካሉ ሲገባ እንደዚህ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ አላየሁም ብዬሻለሁ። ከዚያ መሐል ላይ ሰባት ወጣ።

«ካላስ፣ አለቀ» አለ ሙደሲር። «ልጅቷ ተሳስታለች።»

ኛላም፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ለሰው አልመኝም። ከላይ ጀምሬ ረድፍ በረድፍ ወረድሁ። አንድ ቦታ ላይ ስድስት ጊዜ ስድስትን አርባ ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ስህተቴን በማግኘቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ጠርጌ አስተካከልሁ። ሰባቱ አንድ ሆነ። ከዚያ እስከ ግራው ጫፍ ድረስ አንድም ችካል ባዶ አልነበረም። ኑርያ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ሙደሲር ደግሞ እሷን ስላላመነ እንደገና ቆጠረ። ሰባ አንድ።

ኑርያ ካርቶኑን ስታይ ቆየችና፣ «የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የወንድሜ» አልሁ። ሁለተኛ ጠየቀችኝ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ ሳልጠየቅ ደግሜ የተናገርሁት። ሙደሲርማ አሁን ለገዢው ሁሉ «እኛ ያረጋገጥነው ቁጥር» እያለ ያወራል። ከአርባ ዓመት በፊት የከፈሉት እንዳሉ ስነግረው፣ «እነሱ ካርቶን ላይ ሠርተውታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐሙስ ዕለት ካርቶኑን በቦዳ ሞተር ተሸክሜ ንያኩሮን፣ እናንተ ቤት ወሰድሁት። ነፋሱ እኔንም ካርቶኑንም ሊያበር ነበር። አባትሽ ሥራ ላይ ነው። እናትሽ ኛፓል ተቀበለችኝ። ሲገባ እንዲያየው ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ለሪያክ እንዲህ ብለሽ ንገሪው አልኋት፦ «ልጅህ አልበተነችውም። የተበተነ ይጠፋል፤ የተከፈለ ግን ይቆጠራል። የሁለቱ ቁጥሮች አሃዝ ሠላሳና አርባ አንድ ነው። ደምረው፤ አንድ ችካል አልጎደለም።» ሌሎች ቀድመው እንደከፈሉትም፣ አንቺ ሳታዪ በራስሽ እንደደረስሽበትም ነግሬያታለሁ። እንዳልሽኝ ምንም አልደበቅሁም።

እስካሁን መልስ የለም። እናትሽም አልደወለችም። አንቺ ደግሞ በመልሴ እንደምትወስኚ ጽፈሻል። ወንበሩን ተቀበዪ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የካርቶኑ ጫፍ ይታየኛል፣ እጄም እምቢ ይለኛል። አትምጪ ብዬ ልጽፍ ስል ደግሞ የወንድሜ አንገት ይታየኛል። ስለዚህ አጎትሽ የሚልሽ

ቆይ። የግቢውን ቆርቆሮ በር የሚመታ አለ። ይልማ አይደለም፤ ይልማ በጣቱ ነው የሚያንኳኳው። ይህ በዱላ ነው። ይህን ዱላ አውቀዋለሁ። ሪያክ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ይናገራል። ቃሉን እንዳልረሳው እየጻፍሁልሽ ነው።

«ዱኦል፣ ተኝተሃል? አርባ አንዱ የታላቅ ነው። ሠላሳው ያንተ ነው። አባታችን ቢኖር እንዲህ ነበር የሚያካፍለን።»

ስጽፍ ነበር።

«ለልጅቷ ጻፍላት። ያንን ወንበር ለሌላ ሰው ስጡት ብያቸዋለሁ። ትማር። ያንን ካርቶን ያየ ጎረቤት ሁሉ ቤቴን ሞልቶት ነው የመጣሁት፣ ማስረዳት አቃተኝ። በል አሁን ክፈትልኝና ከሠላሳው በሬህን ምረጥ፤ ስም እናውጣልህ።»

ኛላም፣ ሰምተሻል። እኔ ግን ቡሬው ከሠላሳው ውስጥ መሆኑን ሳይነግረኝ በሩን አልከፍትለትም።